ፋጉሎው «ተረፈ ምርት» ነው አለኝ

«ዘንድሮ ዘይቱ ከስሯል፣ እህቴ። ወላሂ የምንካፈለው የለም።»

ይህን ዛሬ ጠዋት የነገረኝ፣ እዚሁ ቆቦ የዘይት መጭመቂያውን አብሮኝ የከፈተው ሸሪኬ ሰይድ ነው።

«ኑጉ ተጨምቆ ለከብት መኖ የሚቀረው ፋጉሎስ?» አልኩት።

«እሱማ ተረፈ ምርት ነው፤ ሒሳብ ውስጥ አይገባም» ብሎኝ እርፍ!

አፉን ሳይዘጋ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። «ፋጉሎ አለ? ከዋጃ ነው የመጣሁት።» የሮቢት ሰዎች ቀድመውት ተሰልፈዋል። አረፋ ሊደርስ ነው፤ የሚያደልበው በሬ ያላሰረ የለም። ዘይት የጠየቀ ግን አንድ ሰው አላየሁም።

ተረፈ ምርት ማለት እግረ መንገዱን የሚገኝ፣ ዋጋው ከዋናው የማይደርስ ነገር ነው። ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ግን እሱም ዋና ምርት ነው፤ የኑጉንም የመብራቱንም ወጪ ከዘይቱ ጋር መካፈል አለበት። ሰይድ ወጪውን ሁሉ ዘይቱ ላይ ቆልሎ «ከሰረ» ይለኛል!

ወደ ጓሮ ዞርኩ። የሰይድ በሬዎች ቆዳቸው ሊፈነዳ ደርሶ ፋጉሏችንን ይውጣሉ።

«እንግዲያው እንለዋወጥ» አልኩት። «ዘይቱን በሙሉ አንተ ውሰድ፤ ተረፈ ምርቱን ለእኔ ተወው።»

እሱ እቴ! ዞር ብሎ ለሮቢት ሰዎች ፋጉሎ መመዘን ጀመረ።

«ትርፍራፊ ነው» እየተባለ ዋናው የተበላባችሁ ካላችሁ እስኪ እዚህ ጻፉልኝ። ሰይድም እዚሁ ገጼ ላይ ጓደኛዬ ነው፤ ያነበዋል።