የጋሽ ፈንቴ መስታወትና የጃፓኗ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን የማኅደርን ስልክ ለማሠራት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካለች የስልክ መጠገኛ ገባሁ። ውጭ ያካፋል። ወጣቱ ጠጋኝ የስልኩን ሆድ ከፍቶ የጋለውን ብረት ሲያስጠጋ ቀጭን ጭስ ተነሣ። የቀለጠ እርሳስና የሙጫ ሽታ፤ ትንሽ የጥድ፣ ትንሽ የተቃጠለ ሳንቲም ይሸታል። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ጭሱ አስቸገረዎት እንዴ እትዬ?» አለኝ።

«አይ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አልሁት።

የጋሽ ፈንቴ ሱቅ ሽታ ነበር።

ጋሽ ፈንቴ ልጅ ሳለሁ፣ ሰው ሁሉ ከተማችንን እንጅባራን ቆሰበር እያለ በሚጠራበት ጊዜ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ከቤታችን ሁለት ደጅ አልፎ፣ በቆርቆሮ የተመታች ጠባብ ክፍል ናት። በቀርከሃ መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች ተደርድረዋል። ብሎኖች በየክብሪት ቤቱ ተለይተው ተቀምጠዋል። የተበላ ካሴት የሚያጠነጥኑት በእስክሪብቶ ነው፤ እስክሪብቶውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩት የሚሰማው ክርርታ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል መስታወት በሽቦ ታስራ ነበር። ሬዲዮውን ሳያነሡ ጀርባውን የሚያዩት በእሷ ነው።

«ሬዲዮ ከፊቱና ከጀርባው አንድ አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ከፊት በቀኝ ያየሽው ሽቦ ስትገለብጭው በግራ ይመጣል። ይህን ያላወቀ ሲጠግን ያቃጥላል።»

እኔ ግራኝ ነኝ። ዛሬ ስናገረው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና ከዚያ የሚከብድ ነገር አላውቅም ነበር። እናቴ ትርንጎ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት ሴት ናት። ባሏን ቀብራ በገበያ ባቄላና ድንች እየቸረቸረች ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች። ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ እንደሚቆሙ ከልጅነቷ ሰምታለች። እጄን ባየች ቁጥር ያን ቀን ታስባለች መሰለኝ። ስለዚህ ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ፣ ጠዋት ጠዋት የግራ እጄን አንጓ ከመቀነቴ ጋር ታስረው ነበር። አታጠብቀውም። ስታስረውም ግንባሬን ትስመኛለች።

«ቀኝሽ እስኪለምድ ነው የኔ ልጅ።»

ቀኜ አልለመደም። ፊደሎቼ ጭቃ ላይ እንደ ሮጠ ዶሮ ዱካ ነበሩ። ልጆቹ ከኋላዬ «ግራኝ! ግራኝ! በግራሽ ጉረሽ!» እያሉ ይከተሉኛል። በመጨረሻ አስተማሪያችን እናቴን አስጠርቶ፣ በዚህ አያያዟ ትደግማለች አላት። እናቴ የተናገረችው ቤት ስንደርስ ነው።

«ከደገምሽማ ለምን እናስለፋሻለን። ጫግኒ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፤ ልጅ ትይዥላታለሽ።»

አክስቴ ደግ ናት። ጫግኒም ሞቃት ነው፤ ማንጎ አለ። ግን ታላቅ እህቴ በዚያው መንገድ ሄዳ ደብተር የሚባል ነገር ዳግም አልያዘችም። የእኔም ትምህርት በዚያ ሊያበቃ እንደሆነ ገባኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከገበያ እስክትመጣ ጋሽ ፈንቴ ሱቅ እቀመጥ ነበር። የጃፓኗን ልጅ ያወቅኋት እዚያ ነው።

መጽሐፉ ወደ እሳቸው የመጣው እንዲህ ነው። ለጉድጓድ ውኃ ሥራ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ሬዲዮው ተበላሽቶበት አመጣላቸው። ሠርተው ሲሰጡት ደስ ብሎት ይዞት የነበረውን የሥዕል መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። ጽሑፉ የጃፓን ነው፤ ጋሽ ፈንቴ ሥዕሉን ብቻ እያዩ ስንት ወር ከረሙ። በኋላ ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ ያንኑ መጽሐፍ ለውጭ አገር በእንግሊዝኛ የታተመውን በባልደረባው እጅ ላከላቸው። ጋሽ ፈንቴ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ብረቱ እስኪግል አንድ ገጽ፣ የቀለጠው እርሳስ እስኪደርቅ አንድ ገጽ እያሉ አነበቡት።

ታሪኩ ገና ስላልመጣ ዘመን ነው። ዝናብ የማያቋርጥባት፣ መብራት የማይጠፋባት ከተማ አለች። ሰዎቿ ግማሽ ሥጋ ግማሽ ማሽን ናቸው፤ አንዱ ዓይኑ፣ አንዱ ልቡ፣ አንዱ እግሩ ብረት ነው። ሀብታሙ ሲበላሽ አዲስ ያስገባል። ድሃው ሲበላሽ ይጣላል። አንዲት ወጣት ግን ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለች የተጣሉትን ትጠግናለች። አንድ እጇ ብረት ነው። ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ አለባት።

ጋሽ ፈንቴ ይህን ሬዲዮው እስኪሠራለት ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይተርኩት ነበር። የከተማው ሰው ከሆነ በአማርኛ፣ ከገጠር የመጣ ከሆነ በአውኚ፣ በአገውኛ ማለት ነው። ከጃፓን የተነሣው መጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ቆሰበር ሲደርስ ደግሞ በእሳቸው አፍ በሁለት ቋንቋ ወጣ። ዝናብ ያስጠለላቸው ገበሬዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ይሰማሉ። የእኛም ሰማይ በክረምት አያቋርጥምና ዝናቡን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

«ያ ብረት እጅ በብርድ ጊዜ አይቆረጥማትም?» አለ አንዱ።

«ለመሆኑ ትጾማለች?» አለ ሌላው።

«ሆዷ የሰው ነው» አሉ ጋሽ ፈንቴ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ። «ሆድ ካለ ጾም አለ።»

አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ «እዚህ ብትመጣ ይህችን ታይልኝ ነበር» አሉ።

«የእርስዎ መለዋወጫው አይገኝም አባ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጠረጴዛው ላይ በተገለጠው መጽሐፍ ልጅቱ ስትጠግን አየኋታ። ብረቱ፣ ያ ሁሉን የሚያድነው እጅ፣ ግራ እጇ ነበር። በየገጹ አየሁት። ስትይዝ በግራ፣ ስትፈታ በግራ፣ የሰው ልብ ስትገጥም በግራ።

ጋሽ ፈንቴ እያየሁ ያለሁትን አይተው ኖሯል። መቀነቴ ላይ የታሰረችውን ጨርቅ ዐዩ። ጎንበስ ብለው ፈቱልኝና ከሬዲዮ ካርቶን አንድ ቁራጭ ከእርሳስ ጋር ሰጡኝ።

«ይቺን ልጅ ሳይልኝ» አሉ። «መጽሐፉ እንዲህ እያለቀብን እንዳንረሳት።»

ሣልሁ። ከሥዕሉ ሥር ስሜን ጻፍሁ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። የእኔ ጽሑፍ መሆኑን እኔም አላመንሁም።

እናቴ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ባዶውን ቅርጫት እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው።

«ማን ፈታልሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ ትርንጎ» አሉ ጋሽ ፈንቴ።

«ጋሽ ፈንቴ፣ አባት የላትም ብለው ነው ልጄን የሚያበላሹብኝ?» ድምፅዋ አልጮኸም፤ እሱ ነው የባሰው። መጽሐፉን አየች። «ይህንን ነው የሚያሳዩዋት? ከብረት የተሠራች ሴት?»

ጋሽ ፈንቴ የጋለውን ብረት ማረፊያው ላይ አኖሩ። ከመደርደሪያው ላይ የጃፓኑን መጽሐፍ አወረዱና ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጉ። እንግሊዝኛውን ከግራ ሲገልጡት ያኛውን ከቀኝ ነበር የገለጡት። ሁለቱም ላይ ልጅቱ በዝናብ ውስጥ ጣሪያ ላይ ተንበርክካ የአንድ ሽማግሌ ደረት ትጠግናለች።

«እዚህ ላይ በየትኛው እጇ ነው የምትሠራው?»

እናቴ መመለስ አልፈለገችም። ግን ሥዕሉ ያዛት። «በግራ።»

«በዚህኛውስ?»

ጎንበስ አለች። «በቀኝ ነው።»

«ሌላ ልጅ ናት?»

እናቴ ቅርጫቷን መሬት አኖረች። ጠባሳውን አየች፤ ጠጉሯን አየች። «አንድ ናት» አለች ቀስ ብላ።

«የእነሱ መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው» አሉ ጋሽ ፈንቴ። «ለውጭ አገር ሰው ሲያትሙት እንደ እኛ ከግራ እንዲነበብ ብለው ሥዕሉን እንዳለ ገለበጡት። ልጅቱ አገሯ ቀኝ ነበረች፤ ባሕር ስትሻገር ግራኝ ሆነች።»

እናቴ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሽማግሌ በጣቷ ነካችው።

«ይሄ ሰውዬስ ዳነ?»

«በሁለቱም ዳነ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይመታል። ጋሽ ፈንቴ መስታወቷን ከሽቦዋ ፈቱና በጃፓኑ ገጽ አጠገብ አቆሟት። በመስታወቷ ውስጥ ቀኟ ልጅ ግራኝ ሆና ታየች፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ገጽ። እናቴ ነገር ሲገርማት እንደምታደርገው፣ «በስመ አብ» ብላ አማተበች።

መስታወቷ ወደ እሷ አጋድላ ነበር። የእናቴ እጅ ወደ ግንባሯ ሲወጣ በመስታወቷ ውስጥ ያለችውም ሴት እጇን አነሣች። ግራ እጇን። ወደ ደረቷ አወረደችው፤ በግራዋ። እናቴ አየችው። እጇ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ቆመ። እኔም አየሁት።

ጋሽ ፈንቴ ያን ሊያሳዩዋት አስበው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊታቸውን ዞር አድርገው ክብሪት ቤት ውስጥ ብሎን ይፈልጉ ነበር።

እናቴ ማማተቧን ጨረሰች። ከወገቤ ላይ የተንጠለጠለችውን ቁራጭ ነጠላ ፈትታ አጠፈቻትና ጡቷ ሥር ሸጎጠቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስታማትቢ በቀኝሽ ነው» አለች። «ስትጽፊ እግዜር በሰጠሽ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ቃል ማሳጠር የተማርሁት ከእሷ ነው።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ፈንቴ ጠሩን። «እትዬ ትርንጎ፣ ከአግዳሚው ግራ ጫፍ ትቀመጥ። መሀል ሆና ስትጽፍ ክርኗ ከጎረቤቷ ክርን ይጋጫል፤ የሁለቱም ጽሑፍ ይበላሻል። ጫፍ ላይ ከሆነች ማንንም አትነካም።»

በማግስቱ እናቴ ከገበያ በፊት ትምህርት ቤት ሄደች። ስለ ጃፓን አላነሣችም፤ ስለ መስታወትም። «ልጄን በግራ ጫፍ ያስቀምጡልኝ» ብቻ አለች። አስተማሪያችን እጄን ዐየ፣ እሷን ዐየ። «እሺ፣ እንሞክር» አለ። ዓመቱ ሲያልቅ አለፍሁ። ጫግኒ የሄድሁት አክስቴን ለመጠየቅ ነው፤ ማንጎ በልቼ ተመለስሁ።

ዳንግላ ለትምህርት ስሄድ ጋሽ ፈንቴ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሰጡኝ። ሽፋኑ የለም፤ ጀርባው በጆንያ ክር ተሰፍቷል። በየኅዳጉ የገበሬ ጣት አሻራ አለበት። እዚያ ሳለሁ ማረፋቸውን ሰማሁ። ስመለስ ሱቋ የባጃጅ ዕቃ መሸጫ ሆና ነበር። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል፤ የጃፓኑ መጽሐፍ አብሯቸው ሄዷል መሰለኝ፤ መስታወቷም። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ።

ወጣቱ ጠጋኝ የማኅደርን ስልክ ገጥሞ ሰጠኝ። ቤት ስገባ ልጄ ከእጄ ቀማችኝና ሶፋው ላይ ተጋደመች። አሁን ያ ታሪክ በስልክ ይገኛል። ልጆቹ ማንጋ ይሉታል። አዲሱን እትም እንደ ጃፓኑ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያወጡት፤ ሥዕሉን መገልበጥ ትተውታል። ማኅደር ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አንድ ምዕራፍ ታወርዳለች።

«እማዬ፣ ውሸትሽን ነበር» አለችኝ። «ግራኝ ናት ብለሽኝ፣ ይኸው፣ ቀኝ ናት።»

ከሣጥኑ ሥር አሮጌውን መጽሐፍ አወጣሁና ሽማግሌው ያለበትን ገጽ ገልጬ ጭኗ ላይ አኖርሁላት። ስልኳን አየች፤ መጽሐፉን አየች።

«ቆይ ቆይ። እዚህ መጽሐፉ ላይ፣ ከጀርባዋ ባለው የሱቅ ማስታወቂያ፣ ፊደሎቹ ራሳቸው ተገልብጠዋል» አለች። ከዚያ ተነሥታ መስታወት ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ተከትያት አልሄድሁም። ራሷ ታግኘው ብዬ ተውኋት።

አሁን አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። መስከረም ላይ አዲሶቹ ልጆች ሲገቡ ይጋፋሉ፤ ሁሉም ጓደኛው አጠገብ መቀመጥ ይፈልጋል። እርሳስ አድላቸውና ማን በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ አያለሁ። እስከዚያ ድረስ፣ የየአግዳሚውን ግራ ጫፍ ማንም እንዲይዘው አልፈቅድም።