የሳላሀዲን ጠርዝ

ሮቤ ውስጥ ዳሽቦርዱን ማስዋብ የፈለገ ባለመኪና የሌላ ሰው በር አያንኳኳም ነበር፤ ቀጥ ብሎ ሳላሀዲን ዘንድ ነው። ከዱባይ ተቆርጦ የሚመጣው እንጨት መሰል ጌጥ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ለተዞረ መኪኖች አይገጥምም። እሱ ታዲያ በካርቶን ልክ ይወስዳል፣ ይቆርጣል፣ በማስቲሽ ይለጥፋል። በመጨረሻም ጠርዙን አውራ ጣት ሳይደናቀፍ እስኪንሸራተትበት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ያንን ጠርዝ እንደ እሱ የሚያወጣው አልነበረም። ይኮራበትም ነበር፤ ምን ይደበቃል!

ከሚሊኒየሙ ማግሥት ጀምሮ ግን ዓይኑ ከዳር ወደ መሀል ይጨልምበት ጀመር። ለሚስቱ ለዙቤዳ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሥራው ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? በጣቱ እየዳሰሰ ቀጠለ። እውነተኛ እንጨት ቢሆን መስመሩ ለጣት ይታወቃል፤ ይህ ግን መስመሩ የታተመበት ልሙጥ ፕላስቲክ ነው። ሳይታወቀው የአንዱን ቁራጭ መስመር ሽቅብ፣ የሌላውን ወደ ጎን እያዞረ ይለጥፈው ገባ። ባለመኪኖቹ ያያሉ። ያዩና «ማሻአላህ፣ እጅዎ አይንጠፍ!» ብለው ይሄዳሉ። ሥራውም አልቀነሰም። «አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነኝ» ይል ነበር ምስኪን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎባ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ነገሪ በሚባል ሾፌር ሚኒባስ ጋቢና ገባ። የዚህን መኪና ዳሽቦርድ ከሁለት ወር በፊት ያለበሰው ራሱ ነው። ገና ከመናኸሪያው ሳይወጡ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ሥራው ሄደ። ጠርዙን ዳሰሰ። ሻካራ ነው። ደግሞ ዳሰሰው።

«ነገሪ፣ ይህን ማን ሠራው?»

ነገሪ ያልሰማ መስሎ ጡሩምባውን ነፋ።

«ልጄ፣ እየጠየቅሁህ ነው።»

«ጎባ አስቀየርኩት፣ ኦቦ ሳላሀዲን። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ያስቀይራል። እርስዎ ጋ እናሠራና በማግሥቱ ጎባ ወስደን እናስነቅለዋለን። ዓይንዎ መድከሙን ካወቅን ሁለት ዓመት አለፈን። እንዴት አድርገን ፊት ለፊት እንንገርዎ?»

አይ ይሉኝታ! አገር ምድሩ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሳላሀዲን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመርቁት እየተቀበለ፣ አሜን እያለ፣ ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ጎባ ሲደርሱ «እህቴ ትቆይ፤ ሐኪም ቤት አድርሰኝ» አለ።

ሐኪሟ ዓይኑን በመሣሪያ ደጋግማ አየችው። «አባቴ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዓይንዎ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ጎድቶታል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን በጠብታ ይያዝ ነበር።»

ነገሪ ክንዱን ደግፎ ደረጃውን አወረደው። ታች ሲደርሱ ሾፌሩ እንባው መጣ።

«አዝነንልዎት እኮ ነው፣ ኦቦ ሳላሀዲን። ወላሂ፣ ክፉ አስበን አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም ደበቅኋችሁ፣ እናንተም ደበቃችሁኝ» አለ ሳላሀዲን። «ከእናንተ አንዱ ሥራህ አስቀያሚ ነው ብሎ ቢሰድበኝ ኖሮ ግን ዓይኔ ይተርፍ ነበር» አለው።