ቡልቡላ ላይ የቆመው ቁጥር

አባቴ አዳማ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ቡልቡላ ያለችውን ታናሽ እህቱን ልንጠይቅ በአሮጌዋ ፒካፓችን ስንሄድ፣ መቂን ካለፍን ጀምሮ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ኪሎሜትር ቆጣሪው ላይ ነበር። እናቴ ነዳጅ ያለቀ መስሏት ደጋግማ ጠየቀችው።

የአክስቴ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ቆጣሪው 142857 አለ። ለካ ሳምንቱን ሙሉ አዳማን ያለ ምክንያት ሲዞራት የከረመው ለዚህ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ሁላችንንም ጠራን።

“ከሁለት እስከ ስድስት በፈለጋችሁት አባዙት” አለ። “እነዚሁ አሃዞች ተራቸውን ሳይለቁ ይዞራሉ እንጂ ሌላ አይገባባቸውም።”

አክስቴ ስልኳን አውጥታ አባዛች። በሁለት 285714፣ በሦስት 428571። ጎረቤቷ የሽንኩርት ነጋዴ በሰባት ሞክሮ 999999 ሲመጣበት፣ ስልኩ የተበላሸ መስሎት አጥፍቶ አበራው።

እስከዚህ ደስ የሚል ነገር ነበር። ወደ ማታ እንመለስ ስንል ግን አባቴ መኪናዋን አላንቀሳቅስም አለ። አንድ ኪሎሜትር ከሄደች ቁጥሩ ይጠፋል፤ በዕድሜውም ዳግመኛ አያየውም። እናቴ ፎቶ አንሥተህ ያዘው አለችው። ፎቶው ቁጥሩ አይደለም አላት። በሚኒባስ ተመለስን፤ እናቴ ከሱ ርቃ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች።

መኪናዋ እዚያው ወራት ቆመች። ዶሮዎች ከኋላዋ እንቁላል ጣሉባት። አባቴ በየሳምንቱ እየሄደ ሞተሩን በቆመበት ያሞቃል። የሰፈሩ ሰዎችም አላሾፉበትም፤ ከሰላምታ ቀጥሎ ቁጥሩ ደህና መሆኑን ይጠይቁት ጀመር።

አንድ እሑድ አብሬው ሄጄ ሳለ የአክስቴን ምራት ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ሩቅ ነበር። አክስቴ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ትንሽ ካየው በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገባ።

የቆጣሪው የመጨረሻዋ ሰባት ወደ ስምንት ስትዞር ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ከኋላችን ምራቷ ስትጮህ “አይዞሽ፣ አይዞሽ” ይላል፤ ማንን እንደሚያጽናና እርግጠኛ አልነበርኩም።

አዳሚ ቱሉን አልፈን ዝዋይ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆምን። ከኋላ የነበረችው አክስቴ ምራቷን ደግፋ ገባች። አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየና ቀና ሲል ቆጣሪው ላይ አፈጠጠ። 142884 ይላል። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

“ሦስት መቶ ሰባ ስምንት በራሱ ሲባዛ ነው” አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ቁልፉን ነቀለ።

ዘበኛው መጥተው በሩን ዘግታችኋልና ፈቀቅ በሉ አሉን። አባቴ ስለ ቁጥሩ ያስረዳቸው ጀመር። ዘበኛውም እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት።

“ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ከቆሙ ሌላዋ ወላድ በየት ትግባ?” አሉት።

አባቴ ቁልፉን መልሶ ሰካና መኪናዋን ፈቀቅ አደረጋት። ሴት ልጅ መወለዷን እንደሰማን ራሱ እየነዳ አዳማ አስገባን። መንገዱን ሙሉ ቆጣሪውን በመሐረብ ሸፍኖት ነበር።