ሲበሉ የሚጋረዱ ዓሣዎች

የጎረቤቴ የውሃ ፓምፕ ሲያጉረመርም ቆይቶ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ዛሬም ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ሌላው ሰው ድምፅ ሲሰማ ይነቃል፤ እኔ ድምፅ ሲጠፋ ነው የምነቃ። ልማዱ የተጣባኝ ፍኖተ ሰላም ከነበረ አንድ ሆቴል ነው።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ራዲዮ እየፈታሁ እየገጠምሁ ተምሬ፣ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ የታመመ ሞተር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት፣ ሐጂ፣ የጭነት መኪና ነበራቸው። ባሕሩ ያኔ የእኛ ነበርና መኪናዋ አሰብ ደርሳ ስትመለስ፣ አንድ ቀን በበርሜል የባሕር ዓሣ፣ በጀሪካን የባሕር ውሃ ይዛ መጣች። አዳራሹ መሐል የመስታወት ገንዳ ተሠራ። የውሃ ማጣሪያውን ማሽን እንዲገጥም የተጠራው ማን ይመስልሃል? እኔው ነኝ። እናቴም እዚያው ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበርና፣ ሁለታችንም እንጀራችን ከዚያ ቤት ነበር። ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች በመብራቱ ውስጥ ሲገላበጡ፣ የጨው ሽታው ከወጥ ሽታ ጋር ሲደባለቅ፣ በላተኛው ጉርሻውን እንደያዘ ፈዞ ይቀር ነበር።

ዋናው ብልሃት ማብላቱ ላይ ነው። ማሽኑ እየሠራ ምግብ ከበተንህ ውሃው ጠርጎ ማጣሪያው ውስጥ ይከተዋል፤ ዓሣው ይራባል፣ ምግቡም እዚያው ይበሰብሳል። ስለዚህ ታጠፋለህ፣ ታበላለህ፣ ለቅመው እንደጨረሱ ታበራለህ። ከዘገየህ ውሃው ይታፈንና ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ቁጭ ብዬ አይቼ ነው የደረስሁበት።

ይህን ሁሉ እያደረግሁ ዓሣዎቹ ይሞቱ ጀመር። አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። ሐጂ በጎን ያዩኝ ጀመር። "ማሽኑን የምትነካው አንተ ብቻ ነህ" አሉኝ። "የቀሩት ከሞቱ በዚህ በር እንዳትገባ።"

እኔም በተራዬ ጠረጠርሁ። አንድ ቀን አብልቼ፣ ማሽኑን አብርቼ፣ ወጣ ብዬ ስመለስ እየሠራ ነው፤ ሞተሩን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። ሲሠራ የቆየ ሞተር ይግላል፤ ሰው አጥፍቶት ቆይቶ ገና አሁን አብርቶታል ማለት ነው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ ክር ተሰክቶ አገኘሁ። አሳላፊው ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ ወንድሙን በእኔ ቦታ ሊያስገባ እንደሚፈልግም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያቀርብልኝን ሻይ እንኳ አሽትቼ ነበር የምጠጣ። ገብቶት ኖሮ፣ "ምነው ወንድምዓለም፣ ሻዩንም ልትጠግነው ነው?" አለኝ።

በማግስቱ አበላኋቸውና ማሽኑን አበራሁ። ማንኩሳ ወፍጮ ልጠግን መሄዴ ነው ብዬ ሁሉም እንዲሰማ ተናግሬ ወጣሁ። በጓሮ ዞሬ ከለስላሳ ሳጥኖቹ ጀርባ ቆምሁ። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ ጭር ሲል የማሽኑ ድምፅ ቀጥ አለ። ዘልዬ ገባሁ።

እናቴ ነበረች። ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ገንዳውን ከነአፉ ሸፍናዋለች።

"እማየ፣ ምን እያረግሽ ነው?"

"ቀስ በል፣ እየበሉ ነው።"

"ማሽኑን የምታጠፊው አንቺ ነሽ?"

"አንተ ገና ሳይውጡ ታስጮህባቸዋለህ። ይህ ሁሉ ሰው ደግሞ አፍጦ ያያቸዋል። ሲበላ ዓይን ያረፈበት ይተርፋል? አንተን እንዴት ያሳደግሁህ ይመስልሃል?"

እውነቷን ነው፤ ሕፃን ሳለሁ ሰው ፊት ስበላ ነጠላዋን ዘርግታ ትጋርደኝ ነበር። አሁንም አንድ ዓሣ በሞተ ቁጥር የሰው ዓይን በላው ብላ፣ ማሽኑን ይበልጥ አቆይታ ታጠፋለች፣ ገንዳውን ይበልጥ ትሸፍናለች። ትንፋሽ አሳጥታ የገደለቻቸው እሷ እንደሆነች ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

"አንድ እንኳ ላተርፍልህ ብዬ እኮ ነው፣ ልጀ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

ለሐጂ፣ "የገጠምሁት ማብሪያ ልል ሆኖ በራሱ ይጠፋ ነበር፣ አሁን አጠበቅሁት" አልኋቸው። በእጄ የተበላሸ ማሽን እንደሌለ አገር ያውቃል፤ ይህን ከአፌ ማውጣት ምን ያህል እንደከበደኝ አንተም መገመት አያቅትህም። ከዚያ ገንዳውን ዙሪያውን በመጋረጃ ጋረድሁት፤ አፉ ግን ክፍት ነው። ስናበላ እናቴ መጋረጃውን ትስባለች፣ እኔ ማሽኑን አጠፋለሁ። የቀሩት ዓሣዎች ዳኑ። የአሳላፊውንም ሻይ ሳላሸት መጠጣት ጀመርሁ። ሐጂ ግን አላመኑኝም፤ እስኪሞቱ ድረስ በጎን እንዳዩኝ ነበር። ይዩኝ አልሁ።

ስለ ራሴ ማውራት እንደምወድ ታውቃለህ። ይህችን ግን እናቴ አፈር እስክትገባ ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

ከመጋረጃው ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንሆናለን። እሷ ጎንበስ ብላ ሲለቅሙ ታያቸዋለች፤ የውሃው ብርሃን ፊቷ ላይ ይወዛወዛል። እኔ ጣቴን ማብሪያው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ሰዓቱ ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ከአፏ ሳልሰማ አላበራም ነበር።

"በቃቸው፣ ልጀ" ትለኛለች። "አሁን አብራላቸው።"