ከባየልኝ አፍ አንድ ስንዝር

ባየልኝን አልወደውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አዛኝ መስዬ እንዳልታይ ነው። በሚኖርባት በኮኪት የሚወደው ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝና ሄጄ ጤንነቱን ልጠይቅ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ነጭ አይሱዙ ይነዳል። በክረምት የቀን ሠራተኛ፣ በመኸር ሰሊጥ፣ ከዚያ በኋላ ማሽላ እየጫነ ከሸሕዲ እስከ ሽንፋ ያለውን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር ያውቀዋል። ጋቢናው ውስጥ ግን ሰው አያስቀምጥም። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ የውሃ ጀሪካን ይጎልትና ‹‹ቦታ የለም›› ይላል። አንዲት ነፍሰ ጡር በዚያ ሐሩር ቆማ ብትለምነው ‹‹ጀሪካኑን የት ልጣለው?›› ብሏት እንዳለፈ በዐይኔ አይቻለሁ።

እኔ ስርጉት እባላለሁ። ሸሕዲ መናኸሪያው አጠገብ የስልክና የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ባየልኝን በአፌ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ›› እለዋለሁ፤ ዕድሜው ያስገድደኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ ስለሌለ ‹‹እሱ›› ነው።

በኅዳር አንድ ጠዋት የመኪና ካሜራ በፌስታል ይዞ መጣ። መተማ ዮሐንስ ከሱዳናዊቷ ከኢኽላስ ሱቅ ነው የገዛው። ‹‹በሐሰት የሚመሰክርብኝ ሞልቷል። ይሄ የኔ ምስክር ነው። በይ ግጠሚው›› አለ። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም።

የፈራው ማንን እንደሆነ አገር ያውቃል። መለሰን ነው። መለሰ እዚያው ኮኪት ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ገበሬ ነው። ሁለቱ በልጅነታቸው ከበለሳ በአንድ መኪና ላይ ተጭነው ለአረም ሥራ የወረዱ፣ በአንድ ሸራ ሥር ያደሩ፣ ወባ ሲጥላቸው ተራ በተራ የተዛዘሉ ናቸው አሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ባየልኝ ሠራተኛ ጭኖ ሲበር ኩርባው ላይ ሁለት ሰዎች ወደቁ። አልሞቱም፤ የአንደኛው እጅ ግን ተሰበረ። መለሰ ፖሊስ ፊት ቀርቦ ‹‹ሲበር አይቻለሁ›› አለ። እውነቱን ነበር። ባየልኝ መንጃ ፈቃዱን ተነጥቆ አንድ ሙሉ የመኸር ወቅት ቤቱ ተጎለተ። ከዚያ ወዲህ የመለሰ ስም ሲነሳ ምራቁን ይተፋል። መለሰም እሱን ‹‹ያ ሰው በላ›› እንጂ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። የመለሰ ልጅ አበባው ይህን እየሰማ አደገ፤ ዛሬ ጠመንጃ ከትከሻው የማይወርድ ጎልማሳ ነው።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ‹‹ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ፣ መሃል ላይ ይሁን›› አልኩት። ምክንያቴን ሁሉ ዘረዘርኩለት። መሃል ሲሆን የመንገዱን ሁለቱንም ዳር እኩል ያያል። የዝናብ መጥረጊያው እዚያ ስለሚደርስ አቧራው ይጠረግለታል። ስፖኪዮው ፀሐይ ይከልልለታል። ደግሞ ኬላ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ካሜራ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል፤ እዚያ ከሆነ ቶሎ አይታይም።

‹‹እመቤቴን ከቦታዋ ልታነሺ ነው?›› ብሎ አፈጠጠብኝ። ስፖኪዮው አጠገብ የማርያም ሥዕል ተለጥፏል፤ ከበላዩም ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል።

‹‹አልነካትም፤ ከጎኗ ነው።››

‹‹እኔ መሃል ነው እንዴ የምቀመጥ? እኔ ያየሁትን ይይልኝ!›› አለና ሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥቶ ከመሪው በላይ፣ በፊቱ ትክክል፣ መስታወቱን በጣቱ ወጋው። ‹‹እዚህ!››

‹‹እዚያ ዕይታዎን ይጋርዳል። የከሰዓት ፀሐይም በቀጥታ ያገኘዋል።››

‹‹ዐይኑ የኔ፣ መኪናው የኔ። አንቺን ምን ቆረጠሽ?››

እኔም ግትር ነኝ። ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ትንሽ ወደ ግራ አስጠግቼ፣ መንገዱን በማይከልል ቦታ፣ በካሜራው የጎማ መምጠጫ አጣበቅኩለት። በማግስቱ ሙቀቱ ሲበረታ መምጠጫው ለቆ ጭኑ ላይ ወደቀና እኔን ሊሰድብ ከኮኪት ድረስ ተመልሶ መጣ። ቆላ ውስጥ መምጠጫ እንደማይጸና ነግሬው ነበር። ሦስተኛው ቀን ገና መስታወቱ ሳይሞቅ፣ በማለዳ፣ ቦታውን በአልኮል ወልውዬ በሁለት በኩል በሚይዝ ማጣበቂያ ለጠፍኩት። ሽቦውን በመስታወቱ ጠርዝ ሥር ሸጉጬ እስከ ፊውዙ ወሰድኩት። ሰማዩ እንዳይበዛበት ካሜራውን ወደ ታች አዘነበልኩት። ሲቀመጥ ከአፉ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

ሥራዬን ስጨርስ ‹‹ይሄ ድምፅም ይቀዳል። ልዝጋው?›› አልኩት።

‹‹የገዛሁትን ምን አባሽ ትዘጊብኛለሽ!››

‹‹እሺ›› አልኩ። ሰው ብቻውን ሲነዳ ምን ምን እንደሚያወራ ላስረዳው እችል ነበር፤ አላስረዳሁትም። ከሦስት ቀን ስድብ በኋላ ማንም አያስረዳም።

አደጋው የደረሰው በጥር ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮኪት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው። ባየልኝ ባዶ መኪና ይዞ ከሸሕዲ ይመጣል። ማሽላ የቆለለ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር ከፊቱ ይመጣል። መለሰ በሞተር ከትራክተሩ ኋላ ነበር። አይሱዙው መታው፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የትራክተሩ ሹፌር በራሱ ሞተር ጩኸት ምንም ሳይሰማ ሄዷል፤ ሌላ ያየ ሰው የለም። ኋላ የደረሱ ሰዎች በፒክአፕ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት።

መለሰ አልጋው ላይ ሆኖ ቃሉን ሰጠ። ‹‹አይቶኝ ነው የመጣብኝ። ከዚያ ራሴን ሳትኩ፤ ሌላ የማውቀው የለም›› አለ።

አበባው ይህን ሰምቶ በሰው ፊት ማለ። ነገሩን የያዙት ሽማግሌዎች ሆን ብሎ ነው ካሉ ፍርድ ቤት እንደማይጠብቅ ተናገረ። ባየልኝ በዋስ ወጥቶ ቤቱ ነበር፤ ሚስቱ ከደጅ አታስወጣውም። ካሜራው ግን ነበረው። የካሜራውን ሚሞሪ በዚያው ቀን አውጥቶ ለሽማግሌው ለጋሼ ገብረማርያም አስረክቦ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ካዩት በኋላ ለፖሊስ ይሰጣል ተባለ። ጋሼ ገብረማርያም በጨርቅ ቋጥረው ከኪሳቸው አላወጡትም። ስለዚህ ውስጡ ምን እንዳለ ያየም የሰማም አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኮኪት ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። እኔ ላፕቶፕ እንዳመጣ ተጠርቼ ነበር። ስክሪኑን ብርሃን እንዳይሰውረው ላፕቶፑን ካርቶን ውስጥ አስገባሁት። የሽማግሌ ጆሮ ነው ብዬ የሱቄን ትልቅ ስፒከርም ይዤ ሄድኩ። መለሰን በቃሬዛ አመጡት። አበባው ከአባቱ ራስጌ ቆመ፤ ጠመንጃው እንደ ወትሮው ነው።

‹‹ከመሃል አይጀመርም›› አሉ ጋሼ ገብረማርያም። ‹‹ቆራርጣችሁ አሳያችሁ እንዳንባል።››

‹‹ከሸሕዲ ጀምሮ ይታይ! የምደብቀው የለኝም!›› አለ ባየልኝ አፉን ሞልቶ።

ከፈትኩት። መንገዱ መጣ፣ አቧራው መጣ፣ ፍየሎች አለፉ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ሥራዬ ነውና ኮራሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ።

‹‹ያች ሽቦ ለቃሚ ደሞ ሳይገባት ቦታ ልትመርጥልኝ ትፈልጋለች!›› ይላል። እኔን ነው። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ‹‹ገብረማርያምም ሽማግሌ ነኝ ይላል። ሚስቱ ስትቆጣው ጓሮ የሚደበቅ!›› ሲል ማንም አልሳቀም። ጋሼ ገብረማርያም ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ባየልኝ ድምፅ የሚባል ነገር መኖሩን ያኔ ነው ያስታወሰው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ካሜራው ግን አላዘነለትም። ሳር የሚሸጠውን፣ ኬላ ጠባቂውን፣ የገዛ አማቱን አንድ በአንድ ሲሰድብ ቆየ። በመጨረሻ ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ የማሽላ ክምር ታየ፤ የመለሰ ነው።

‹‹ከምረህልኛላ መለሰ! ጥገብ! አንድ ቀን ጎማዬ ሥር ባትገባ ባየልኝ አትበሉኝ!››

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ትራክተሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ከተሳቢው ኋላ አንድ ሞተር ዘሎ ወደ አይሱዙው መስመር ገባ። ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቦዩ ታጠፈ፤ ከዚያ ‹ጓ› አለና የመኪናው ሞተር ጠፋ።

‹‹ቀድሞ ፍሬን ይዟል። ወደ ቦይ ሸሽቷል›› አሉ አንድ ሽማግሌ።

‹‹አፉስ?›› ብሎ ጮኸ አበባው። ‹‹ጎማዬ ሥር ሲል አልሰማችሁም? ፍሬኑን ዘግይቶ ቢይዘውስ? ማን ያውቅለታል?›› አንድ እርምጃ ወደ ባየልኝ ተጠጋ። ጋሼ ገብረማርያም ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩ።

ያኔ ባየልኝ ከተቀመጠበት ተነስቶ ካርቶኑ ላይ ተወረወረ። ‹‹ኸላስ! በቃ! አይታችሁ የለ? ዝጊው!›› እጁ ላፕቶፑ ላይ ደረሰ።

እውነቱን ልናገር፤ ክፉኛ ደስ አለኝ። የባሰ ነገር አለ፣ ለዚያ ነው የፈራው ብዬ አሰብኩ። ሽቦ ለቃሚ ያለኝ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እጁን በሁለት እጄ ገፍቼ ‹‹ከሸሕዲ ጀምሮ ይታይ ያሉት እርስዎ ነዎት!›› አልኩት። ስፒከሩንም ጨመርኩት።

ስክሪኑ ላይ ባዶ መንገድና የወደቀው ሞተር ብቻ ይታያል፤ የኋላ ጎማው ይሽከረከራል። በር ተከፈተ። የሚሮጥ እግር ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው ሆዱ እስኪቆረጥ ማልቀስ ጀመረ።

‹‹መለሰ! መለስዬ! ኧረ ወንድሜን! ዐይንህን ግለጥልኝ! እኔ ልሙትልህ፣ ግለጥልኝ! እመቤቴ፣ አዝዬ ያወጣሁትን ልጅ በጄ አታስገድዪኝ!››

ባየልኝ ሾላው ሥር ቆሞ ይህን ሰማ። ተሰድቦም ሆነ ሰድቦ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። ፊቱን ወደ ግንዱ አዞረ።

ልቅሶው መሃል ሌላ ድምፅ ገባ፤ ደከም ያለ፣ ግን ጥርት ያለ።

‹‹አታልቅስብኝ። ልቀቀኝ።››

‹‹አለህ? አለህልኝ? እግርህን እንዳታንቀሳቅስ!››

‹‹ውሃ።››

የጋቢናው በር ሲከፈት፣ ጀሪካኑ ሲጎተት ይሰማል። ውሃ ተንዶለዶለ። ከዚያ የመለሰ ድምፅ እንደገና መጣ። ‹‹አላየሁህም። ትራክተሩ ጋርዶኝ ነው የገባሁ።››

‹‹ዝም በል፤ አሁን እሱን ተወው። ጠጣ።››

በዚህ ጊዜ ዘጋሁት፤ ማንም ዝጊው አላለኝም። ጋሼ ገብረማርያም ወደ ቃሬዛው ዞሩ።

‹‹መለሰ፣ ራሴን ስቼ ነበር አላልክም?››

መለሰ ጄሶ የታሰረ እግሩን ያያል።

‹‹ከእጁ ውሃ ጠጥተሃል። እኔ ነኝ የገባሁ ብለሃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ነካህ?››

‹‹ይቅር ያልኩት እንዳይመስለው ነው›› አለ መለሰ፤ ቀና ሳይል።

አበባው አባቱን ቁልቁል አየው።

‹‹ትናንት ማታ ባየልኝ ቤት ጓሮ ነበርኩ›› አለ። ‹‹ለሽንት ሲወጣ በሦስት ክንድ ርቀት አልፎኛል። ሽማግሌ ሳልጠብቅ ተኩሼ ቢሆንስ፣ አባዬ? ያኔ ትነግረኝ ነበር?››

አበባው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ቃሬዛው ላይ፣ አባቱ ጎን አስቀመጠና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለው ወሰኑ። ታረቁ ቢሏቸው ሁለቱም እንቢ አሉ።

ማክሰኞ ባየልኝ ሱቄ ድረስ መጥቶ አዋረድሽኝ ብሎ ጮኸብኝ። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸ። ሲደክመው ‹‹ንቀዪው። ያልሽው ቦታ፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ውሰጅው›› አለ። ማጣበቂያውን በክር እየፈገፈግኩ ነቀልኩት፤ ሽቦውን በላይ በኩል መልሼ ዘረጋሁ።

‹‹ድምፁንስ?›› አልኩ።

‹‹ዝጊው።››

ዘጋሁት። መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ‹‹ጋሼ ባየልኝ፣ ያን ዕለት ብዘጋው እኮ አበባው ይገድልዎት ነበር። ያዳነዎት ያ ልቅሶ ነው። ለምን ዝጊው አሉ?››

‹‹መለሰ ፊት ከማለቅስ ይግደለኝ።››

‹‹ያለቀሱት ፊቱ እኮ ነው!››

የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

‹‹ያኔማ ብቻችንን ነበርን›› አለ።