በቀይ የተጻፈው ሰማንያ አራት

እስክሪብቶዋ ባለ አራት ቀለም ነበረች። የዶሮዬን እንቁላል ሸጬ ከመርሳ ገበያ የገዛኋት ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እንደ እሷ የተኩራራሁበት ነገር አልነበረም።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን የክፍላችን ኃላፊ መምህር እኔ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው አለቀበት። ማንም ሳይቀድመኝ የእኔን ሰጠሁት። ቀዩ ወጥቶ እንደነበር ሁለታችንም አላየንም። የሒሳብ ውጤቴን 84 ብሎ ጻፈና ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ቀይሮ ቀጠለ። ካርድ ላይ ስርዝ ድልዝ ስለማይፈቀድ እንዳለ ቀረ።

በቀይ የሚጻፈው ከሃምሳ በታች ላመጣ ብቻ ነው። ይህን አባቴም ያውቃል። ካርዱን አገላብጦ ሲያበቃ እስክሪብቶዬን አነሳ፣ ቀዩን ተጫነና መዳፉ ላይ ጫር አደረገ። ካርዱ ላይ ካለው ጋር ቀለሙ አንድ ነው።

«ሠላሳ አራቱን ነው ሰማንያ አራት ያደረግሽው?» አለኝ።

መምህሩ ራሱ በእኔ እስክሪብቶ እንደጻፈው ነግሬው ወላሂ ብዬ ማልኩ። ባልማልኩ ይሻል ነበር፤ በሐሰት የማልኩ መስሎት ፊቱ ጭራሽ ጠቆረ። መምህሩ ለክረምት ኮርስ ወልድያ ሄዷል፣ ስልኩም ዝግ ነው። አባቴ ነገ እዚያው ድረስ እንደምንሄድ ነገረኝ። ዋሽቼ ከተገኘሁ መስከረም ላይ ትምህርት የለም፤ ዐረብ አገር አክስቴ ዘንድ እላካለሁ። እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። እኔ ግን አሁኑኑ እንዲጠራ ነበር የምፈልገው።

በማግስቱ በሚኒባስ ተሳፍረን ሲሪንቃን አለፍን። እኔን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። በቀይ መጻፉ የመምህሩ ጥፋት ነው፤ ራሱን ለማዳን አልጻፍኩትም ቢልስ?

ከኮርሱ ለምሳ ሲወጣ የግቢው በር ላይ አገኘነው። አባቴ ካርዱን ሰጥቶ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀው። መምህሩ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

«የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «በእሷ እስክሪብቶ ተሳስቼ የጻፍኩት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

አባቴ እጁን ጨብጦ ደጋግሞ መረቀው። በመመለሻችን ብርቱካን ገዛልኝ፤ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ልጄ ሒሳብ ላይ ሰማንያ አራት አመጣች እያለ ያወራል። እኔ ብርቱካኑን ልጬ ሳልበላው ያዝኩት። ያመነኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ያመነው ግን መምህሩን ነው፤ እኔማ ያንኑ ቃል ከትናንት ጀምሮ ስነግረው ነበር።