ሥር ያልያዘው አኻያ

ዛሬ አዘዞ ችግኝ ከሚሸጥበት ቦታ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ሻጯ ልጅ ፀሐይ የመታኝ መስሏት፣ ከነችግኞቿ እኔንም ውሃ አጠጣችኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ኮሶዬ ሳለን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ታመመች።

አኻያ ትወድ ስለነበር አባቴ ከወንዝ ዳር ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ከተኛችበት እንድታየው በሩ ፊት ለፊት ተከለላት።

«ልጄ፣ ይኸ ቅጠል ሲያወጣ እኔም እነሳለሁ» አለችኝ።

በየማለዳው አጠጣሁት። ቅጠል ያወጣ ዕለት «እማ፣ አወጣ!» እያልኩ ሮጬ ገባሁ። እናቴ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጨዋታ ይዞኝ ሳላጠጣው ዋልኩ። ቅጠሉ ጠወለገ፤ በሳምንቱ ደረቀ። እናቴም በዚያው ሰሞን አረፈች።

ጥፋቴን ለማንም አልተናገርኩም። አድጌ፣ ወልጄ፣ አርጅቼም እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ስል ኖርኩ።

ዛሬ ቅጠሉ ያማረ የአኻያ ችግኝ ሳነሳ ልጅቱ ከለከለችኝ።

«አባባ፣ በቅጠሉ እንዳይታለሉ። አኻያ ሥር ሳይዝም በግንዱ ባለው ውሃ ብቻ ያቆጠቁጣል። ሥር ካልያዘ ቢያጠጡትም ይደርቃል።»

አባቴ ገበሬ ስለነበር ይኸን ያውቅ ነበር። ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እሱም ሳልጠይቀው ሞተ።

እናንተስ፣ በልጅነታችሁ «የኔ ጥፋት ነው» ብላችሁ ለብቻችሁ የተሸከማችሁት ነገር አለ? እባካችሁ፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ። እዚህም ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።